ቋንቋ የማንግባባቸው ሁለት ትልልቅ ልጆች በጉዲፈቻ ልንቀበል ነው፣ እንዴት እንቅረባቸው?

ሻንጣ_አዘጋጅ (ጠያቂ)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ውጭ ነው። ስንት ወረቀት፣ ስንት ቃለ መጠይቅ፣ ስንት ጥበቃ ካለፈ በኋላ እህትና ወንድም ተመድበውልናል። ሴቷ 11 ዓመቷ ነው፣ ወንዱ 8። የሚናገሩት ስፓኒሽ ብቻ ነው። እኛ ቤት ውስጥ አማርኛ ነው የምናወራው፣ ከደጅ ስንወጣ እንግሊዝኛ። እኔ ከስልኬ የለቀምኳት ሰላምታና ቁጥር አለችኝ። ባለቤቴ እሷም የለችውም።

አካሄዱ እነሱ አገር ሄደን ተገናኝተን፣ ጉዳዩ በፍርድ ቤት እስኪያልቅ ለሳምንታት እዚያው አብረናቸው እንድንቆይ ነው። በኪራይ ቤት፣ አራታችን ብቻ። ሰው ሁሉ "አይዞሽ፣ ፍቅር ቋንቋ አይፈልግም" ይለኛል። እኔ ደግሞ እሱን ስሰማ ጭራሽ ይብስብኛል። ሕፃን ቢሆኑ እሺ፣ አቅፌ እሽሩሩ እላለሁ። የ11 ዓመት ልጅ ግን ጥያቄ አላት፣ ኩርፊያ አላት፣ እኔ የሌለሁባቸው ስንት ዓመታት አሏት። "እናቴ የት ሄደች?" ብትለኝ በምን አፌ ነው የምመልስላት?

ሌላም አለ። ፋይላቸው ላይ ታናሽ ወንድሟን እንደ እናት የምታሳድገው እሷ ናት ይላል። ታወራለታለች፣ ታጥበዋለች፣ ታስተኛዋለች። እኛ ስንመጣ እሷ ምን ልትሆን ነው? ደግሞስ ቤት ከገባን በኋላ በምን ቋንቋ እናውራቸው? አማርኛም እንጨምርባቸው ወይስ እንግሊዝኛው ይበቃቸዋል? በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ። ማባበያ አልፈልግም።

የአራት_እናት

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። ከአራቱ ልጆቼ ሁለቱ በጉዲፈቻ የመጡ ናቸው። ሲመጡ ትልልቅ ነበሩ፣ አንድ ቃል አንግባባም ነበር። ማባበያ አልፈልግም ስላልሽ እንደወረደ ልንገርሽ።

ከመጀመሪያው ቀን ብዙ አትጠብቂ። ምናልባት ሮጠው ይጠመጠሙብሽ ይሆናል፣ "ማማ" ይሉሽ ይሆናል። ደስ ይበልሽ፣ ግን በቃ ተዋደድን ብለሽ አትደምድሚ። ማሳደጊያ ውስጥ የቆዩ ልጆች ለመጣው ሰው ሁሉ እንዲያ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በሮማኒያ ማሳደጊያዎች ባደጉ ልጆች ላይ በተሠሩት ጥናቶች ተደጋግሞ የታየ ነገር ነው። በአንጻሩ ጥግ ይዛ ቀና ብላ የማታይሽ ልጅም ጠላችሽ ማለት አይደለም። ትልቅ ልጅ ሰው መርምሮ ነው የሚቀርበው፣ ደግሞም ልክ ነው።

ቃል በሌለበት ቤት ከሁሉም በላይ የሚያረጋጋቸው ቀጥሎ የሚሆነውን ማወቅ ነው። ከማያውቀው ሰው ጋር፣ በማያውቀው ቤት የተቀመጠ ልጅ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፦ አሁንስ ወዴት? ስለዚህ የቀኑን ውሎ በሥዕል አሳዪያቸው። እኔ ሥዕል የሚባል አልችልም፣ ክብና መስመር ነው። ፀሐይ፣ ሳህን፣ ጫማ፣ ኳስ፣ እንደገና ሳህን፣ አልጋ። ማታ ማታ የነገውን ሠርተን ማቀዝቀዣው ላይ እንለጥፋለን። ወንዱ ጠዋት ከአልጋው ወርዶ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያች ወረቀት ነበር። ጣቱን እያስኬደ ያያታል፣ ያለቀውን በእርሳስ ይሰርዛል፣ ከተባለው አንዱ ነገር ከቀረ ወረቀቷን ነቅሎ ይዞብኝ ይመጣል፣ አፍንጫዬ ስር ነው የሚደግናት። ፍርድ ቤት የምትሄዱበትን ቀንም ሳይው። አውሮፕላኑንም ሳይው፣ ውስጡ አራት ጭንቅላት ይታይ።

ጨዋታ ላይ ደግሞ ታይቶ የሚገባ፣ ወላጅም ሊሸነፍበት የሚችል ነገር ያዙ። ካርታ፣ ኡኖ፣ ጄንጋ (የሚደረደሩ የእንጨት ቁራጮች)፣ ኳስ፣ ውኃ ካለ ዋና። ባልሽ ጄንጋውን ሲንደው የሚሳቀው ሳቅ ከስንት የስፓኒሽ ትምህርት ይበልጣል። ፊልም ከፍቶ ማስቀመጥ ሰዓት ይገፋል እንጂ አያቀራርብም።

የ11 ዓመት ልጅን እንደ ጨቅላ አታቅፊያትም። ፀጉሯን ማበጠር፣ ጥፍሯን መቁረጥ፣ ቅባት መቀባት፣ ትኩሳቷን መለካት ግን ትችያለሽ፣ ከፈቀደች። ፕላስተር በብዛት ያዢ። ሴቷ ልጄ ማታ ማታ ጣቷን ይዛ ትመጣ ነበር። ጣቱ ምንም የለውም። እኔም ቁስሉን ፈልጌ ያገኘሁ መስዬ፣ አጥቤ፣ እፍ ብዬ እለጥፍላታለሁ። በነጋታው ሌላ ጣት ይዛ ትመጣለች። በሷ ዕድሜ እቀፉኝ ማለት ያሳፍራል፣ ፕላስተር መጠየቅ አያሳፍርም።

ትራስ ስር የተደበቀ ምግብ ብታገኚ አትቆጪ። ሌሊትም ቢሆን እጃቸው የሚደርስበት ቦታ የሚበላ ነገር አስቀምጪ፣ ሁሌም እንዳለ ሲያዩ መደበቁ በራሱ ጊዜ ይቀንሳል። ሌሊቱ ከቀኑ ይከብዳል። ሁለቱን አንድ ክፍል አስተኟቸው፣ በር ገርበብ፣ መብራት ትንሽ።

ስፓኒሹንም ቢሆን ከቁጥር አትጀምሪ። አመመኝ፣ ፈራሁ፣ ሽንቴ መጣ፣ አቁም፣ አልገባኝም፣ ተመልሼ እመጣለሁ። መጨረሻዋን በደንብ አጥኚያት፣ ሱቅ ደርሰሽ ስትመጪ እንኳን ታስፈልግሻለች። አነጋገርሽ ሲያስቃቸው ተያቸው ይሳቁ። አንድ ነገር ላይ ካንቺ ይበልጣሉ ማለት ነው፣ እሱን አትንጠቂያቸው። እርስ በርስ እያወሩ አንቺን አይተው ሲንከተከቱ ግን ሆድ ይብሳል፣ አልዋሽሽም።

በሥራው_ላይ_ያለ

የአራት እናት ያለችው ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ሌላውን ግማሽ ነው። በጉዲፈቻ ጉዳይ የምሠራ ማኅበራዊ ሠራተኛ ነኝ፣ "ፍቅር ቋንቋ አይፈልግም" የሚለው ነገር እኔንም ያናድደኛል። ኳስ ለመጫወት ቋንቋ አያስፈልግም። "እናቴ የት ናት" ለሚለው ግን ያስፈልጋል።

ስለዚህ በአስተርጓሚ ብቻ የሚነገሩትን ነገሮች ከመሄዳችሁ በፊት ለይታችሁ ጻፉ። እናንተ ማን እንደሆናችሁና ለምን እንደመጣችሁ። ሁለቱ እንደማይለያዩ። ጉዲፈቻ ማለት ለሁልጊዜ እንደሆነ፣ ስላጠፉ ተብሎ የሚመለሱበት ነገር እንዳልሆነ። ስማቸው ይቀየር እንደሆነና እንዳልሆነ። እዚያ የሚቀሩ የሚወዷቸው ሰዎች ካሉ እንዴት እንደሚገናኙ፤ እዚህ ላይ የማትፈጽሙትን ቃል እንዳትገቡ አደራ። ስለ እናታቸው ደግሞ የምታውቁትን ያህል በቀጥታ ተናገሩ፣ የማታውቁትን አናውቅም በሉ። ልጅ ባዶ ቦታውን በራሱ ታሪክ ይሞላዋል፣ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ራሱ የሆነበት ታሪክ።

አገሮቹ በፈረንጆቹ የ1993ቱ የሄግ ጉዲፈቻ ስምምነት (ከአገር አገር የሚደረግ ጉዲፈቻን የሚመራው) አባል ከሆኑ አንቀጽ 4ን አንብቡት። እንደ ልጁ ዕድሜና ብስለት ምክር ሊሰጠው፣ ፍላጎቱና ሐሳቡም ሊታይ ይገባል ይላል። የ11 ዓመት ልጅ እዚህ ውስጥ በደንብ ትገባለች። ማን አነጋገራት? በምን ቃል? ምን አለች? ብላችሁ ኤጀንሲውን ጠይቁ። መልሱ "ደስ ብሏታል" ብቻ ከሆነ እንደገና ጠይቁ።

አስተርጓሚው የማሳደጊያው ሠራተኛ ባይሆን ይመረጣል። ልጆች በሚያሳድጋቸው ሰው ፊት የሚናገሩትን ይመርጣሉ። ስታወሩ አስተርጓሚውን ሳይሆን ልጅቷን እዩ፣ አንድ አጭር ነገር ተናግራችሁ አቁሙ። ከተቻለ ያው ሰው ቤት ከገባችሁ በኋላም በቪዲዮ እንዲያገኛችሁ ተነጋገሩ። ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው ያኔ ነው፣ ሁሉም ሰላም በመሰለ ሰዓት።

የስልክ መተርጎሚያ "ጫማህ የት አለ" ለሚለው ይበቃል። በአማርኛ ከምትጽፉ በእንግሊዝኛ ብትጽፉ ይሻላል፣ ብዙ ጊዜ ንጹህ ሆኖ ይወጣል። ትምህርት የተቆራረጠበት ልጅ ደግሞ ጽሑፍ ላያነብ ይችላል፣ በድምፅ አድርጉት። ነገር ግን ልጅቷ ስታለቅስ ወይም ስትቆጣ ስልክ አትስጧት። እንባዋን ጠርጋ ታይፕ ልታደርግ ነው?

ስለ እህትየው፦ በፍጹም አታስተርጉሟት። ለወንድሟ መጥፎ ወሬ የምታደርስ እሷ መሆን የለባትም። እናትነቱን ግን በአንድ ቀን አትቀሟት፣ እስካሁን እሷን ያቆማት ሥራ ነው። ስታጥበው አንቺ ፎጣ ያዢ። ሲቆይ አንቺ ታጥቢዋለሽ፣ እሷ ፎጣ ትይዛለች። ሲቆይ ደግሞ ፎጣውን ጥላ ትሄዳለች። እሷንም የሚንከባከባት ሰው እንዳለ እስክታይ ግን አትለቅም፣ ስለዚህ ለብቻዋ የሚሆን ሰዓት በየቀኑ ይኑራት፣ ወንድሟን ባልሽ ይዞት ይውጣ።

ሻንጣ_አዘጋጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፕላስተሩ ላይ አለቀስኩ፣ ከዚያ ሄጄ ገዛሁ።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንዱ፣ የባለቤቴ እህት "ስፓኒሹን ቶሎ ቢተዉት አዲሱን ቶሎ ይይዛሉ፣ እናንተም አትማሩት" ይሉናል። አነጋገራቸው ሲሰሙት አሳማኝ ነው። ሁለተኛው፣ ዘመድ አዝማድ ኤርፖርት ሊቀበለን ከአሁኑ ተዘጋጅቷል፣ ባነር ሳይቀር። ደስ ብሏቸዋል፣ ምን ልበላቸው?

እንደገና_የተማረ

እኔ ከወዲያኛው ወገን ነኝ። በ9 ዓመቴ በጉዲፈቻ የሄድኩት ልጅ እኔ ነኝ። ይሄን አማርኛ ካደግኩ በኋላ እንደ አዲስ ስለተማርኩት የተበላሸ ካለ እለፉኝ።

የባልሽ እህት ያሉትን አትስሙ። የልጅ ቋንቋ እንዲጠፋ የሚገፋው አያስፈልገውም፣ ዝም ካሉት በወራት ውስጥ ይሸሻል። በፈረንጆቹ በ2003 የታተመ አንድ የፈረንሳይ ጥናት አለ። ከ3 እስከ 8 ዓመታቸው ከኮሪያ ወደ ፈረንሳይ ቤተሰብ የሄዱ ሰዎችን ካደጉ በኋላ ኮሪያኛ አሰሟቸው። አንጎላቸው ጨርሶ ከማያውቁት ሌላ ቋንቋ አልለየውም። በ2014 ደግሞ ካናዳ ውስጥ ሌላ ተሠራ፣ በጨቅላነታቸው ከቻይና በመጡ ልጆች ላይ። አንድም የቻይንኛ ቃል አያስታውሱም፣ የቻይንኛውን ቃና ሲሰሙ ግን አንጎላቸው እንደ ተናጋሪ ነው የሠራው። እኔ በሁለቱም ውስጥ ራሴን አያለሁ። አማርኛዬ ሙሉ በሙሉ ሄዶ ነበር። እንደገና ክፍል ገብቼ ስጀምር ግን አብረውኝ የሚማሩት "ጠ" እና "ቀ" ላይ ሲታገሉ እኔ አልታገልኩም። አስተማሪው ከየት አመጣኸው ሲለኝ የምለው ጠፋኝ።

አንቺ ጋ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። 8 ዓመት የሆነው ከ11 ዓመቷ ቀድሞ ሊረሳ ይችላል። ያኔ እህቱ በምታወራበት ቋንቋ መመለስ ያቅተዋል። እስካሁን ያላቸው እርስ በርሳቸው ብቻ ነው፣ እሱ መሃል ላይ ተሰነጠቀ ማለት ነው። ስለዚህ ስፓኒሽ የሚያወራ ሰው ፈልጉላቸው። ሞግዚት ይሁን፣ የኳስ አሠልጣኝ ይሁን፣ የሰፈር ልጅ ይሁን። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነትም (የ1989ኙ) አንቀጽ 20 ላይ የልጁ የቋንቋ አመጣጥ ከግምት ይግባ ይላል፣ የባልሽ እህት ወረቀት የሚያምኑ ከሆነ።

ስለ መቀራረቡ ከልጁ ወገን ልንገርሽ። መጀመሪያ አካባቢ የፈለግሁት ፍቅር አልነበረም። የቤቱን ሕግ ማወቅ ነበር የፈለግሁት። የቱ በር ይከፈታል፣ ማን ይቆጣል፣ ሲቆጣስ ምን ያደርጋል? ሰዎቹ ደግሞ ሁልጊዜ ፈገግ ይላሉ። ቋንቋ የለም፣ ፈገግታ ብቻ። ይሄ ለትልቅ ሰው ደግነት ነው፣ ለኔ ግን ያስፈራኝ ነበር፣ ምክንያቱም ምን እንደሚያስቆጣቸው የማውቅበት መንገድ የለኝም። ቆይቶ አንድ ማታ ብርጭቆ አንስቼ ግድግዳ ላይ ወረወርኩ። አባቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ አንድ ነገር አለ። ከዚያ መጥረጊያ አመጣ፣ ለኔም መሰብሰቢያውን ሰጠኝ፣ አብረን ጠረግን። ሲመሽ እንደ ወትሮው መጥቶ ብርድ ልብሴን አስተካከለልኝ። እንቅልፍ የሚባል ነገር ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰላም ሆነው ቆይተው ድንገት ቤቱ ቢደበላለቅ አትደንግጪ። መቆጣት ካለብሽ ተቆጪ፣ ግን ማታ ብርድ ልብሱ አይቅር። ዝምታቸውንም አትፍሪው። አዲስ ቋንቋ ውስጥ የገባ ልጅ ለረጅም ጊዜ እየሰማ ዝም ሊል ይችላል። በየምሳው "እስቲ በል" እያሉ ለእንግዳ ማስነገር ግን በጣም ነው የሚያስጠላው።

መምህርት_ነኝ

ከሌላ አገር የመጡ ልጆችን ቋንቋ አስተምራለሁ። ስለ ትምህርት ቤቱ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል።

ልጆቹ እንግሊዝኛውን ቶሎ ይይዙታል፣ ያስገርሙሻል። ችግሩም እዚያ ላይ ነው። ጂም ከሚንስ የሚባል ምሁር በ1979 የለያቸው ሁለት ነገሮች አሉ፦ የመጫወቻ ሜዳ ቋንቋና የመማሪያ ቋንቋ። የመጀመሪያው ሁለት ዓመት ገደማ ይወስዳል፣ ሁለተኛው ከ5 እስከ 7 ዓመት። ልጁ እንደ አገሬው ልጅ ሲያወራ የሰማ መምህር የሒሳብ ጥያቄውን አንብቦ ሳይገባው ሲቀር "ሰነፍ ነው" ይላል። ሰነፍ አይደለም። ሌሎች ስደተኛ ልጆች ቤት ገብተው በእናት ቋንቋቸው ያስባሉ፣ ወላጅ ያስረዳቸዋል። የጉዲፈቻ ልጅ ግን አሮጌው እየጠፋ አዲሱ ገና ሳይደርስ መሃል ላይ የሚቆምበት ጊዜ አለው።

ስለዚህ እንደገባችሁ፣ ስፓኒሹ ሳይሸሽ፣ በስፓኒሽ የሚሰጥ የትምህርትና የቋንቋ ምርመራ እንዲደረግላቸው ጠይቁ። ማንበብ ላይ ወይም ንግግር ላይ ችግር ካለ በግልጽ የሚታየው ያኔ ነው። "እንግሊዝኛ እስኪለምዱ እንጠብቅ" የሚሉ ትምህርት ቤቶች አሉ። ከለመዱ በኋላ ችግሩ የቋንቋው ይሁን የሌላ መለየት ይከብዳል። በጽሑፍ ጠይቁ፣ በቃል የተባለ ነገር ይረሳል።

የቤቱን ቋንቋ በተመለከተ የኔ አስተያየት፦ ለመጀመሪያው ጊዜ አማርኛውን ለራሳችሁ ለሁለታችሁ ተዉት። ለልጆቹ በእንግሊዝኛና በምትችሉት ስፓኒሽ አውሯቸው። ሦስት ቋንቋ ባንዴ ለልጅ አይከብድም የሚሉ አሉ፣ እውነት ነው፣ ከተወለደ ጀምሮ ለሰማው ልጅ። እነዚህ ግን ቤት፣ አገርና ትምህርት ቤት ባንዴ የሚቀየርባቸው ናቸው።

የአራት_እናት

መምህርት፣ ምርመራው ላይ ያልሽው ወርቅ ነው። የቤቱ ቋንቋ ላይ ግን አልስማማም። እኔ እንግሊዝኛ አውቃለሁ፣ ግን በእንግሊዝኛ አልቆጣም፣ በእንግሊዝኛ አላባብልም፣ "የኔ ጌታ" ማለት አይመጣልኝም። ልጅ ደግሞ የሚይዘው ድምፁን ነው። ባልና ሚስት ልጆቹ በማይሰሙት ቋንቋ ሲያወሩ ከዋሉ ስለነሱ የሚያሙ ነው የሚመስላቸው፣ በተለይ 11 ዓመቷ። ትምህርት አድርጋችሁ አትጫኑባቸው እንጂ አማርኛውን አትደብቁት። የኔዎቹ መጀመሪያ የያዙት "ና ብላ" እና "ተው" ነው፣ ማንም አላስተማራቸውም።

መምህርት_ነኝ

መደበቅ አላልኩም። አትጫኑባቸው ነው ያልኩት። ደግሞ ያንቺ ልጆች ሲመጡ ቤት ውስጥ አማርኛ የሚናገሩ ሁለት ሌሎች ልጆች ነበሩ፣ የጠያቂዋ ቤት ባዶ ነው። ልዩነት አለው።

በሥራው_ላይ_ያለ

ስለ ኤርፖርቱ ማንም አልመለሰላትም። እህቴ፣ ባነሩ ቤት ይቅር። ሁለት ሰው ብቻ መኪና ይዞ ይምጣ፣ አንዱ ሻንጣ ይጫን፣ አንዱ ይንዳ። ልጆቹ ከአውሮፕላን ሲወርዱ የሚያውቁት እናንተን ብቻ ነው፣ እናንተንም ገና በሳምንት የሚቆጠር ነው። ያ ሁሉ ሰው የሚስማቸው ከሆነ ከነሱ መሃል ወላጅ የቱ እንደሆነ ይምታታባቸዋል። ለመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያበላቸው፣ የሚያስተኛቸው፣ ሲወድቁ የሚያነሳቸው እናንተ ሁኑ። ስጦታ ያመጣ ሰው ባንቺ እጅ ይስጥ። እንግዳ ሁለት ሁለት እየሆነ፣ ለአጭር ሰዓት፣ ቀኑ ወረቀቱ ላይ ተስሎ ይምጣ። ዘመድ ይቀየማል፣ ለምን እንደሆነ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ፎቷቸውን ግን አሁኑኑ ሰብስቢ፣ የቤቱን፣ የክፍላቸውን፣ የአልጋቸውን፣ የዘመዶቹንም። ትንሽ አልበም ሠርተሽ በኤጀንሲው በኩል ከመሄዳችሁ በፊት ላኪላቸው፣ ከሥር በስፓኒሽ አጭር መግለጫ ይኑረው።

ሻንጣ_አዘጋጅ

አልበሙን ዛሬ ማታ እጀምራለሁ። በስፓኒሽ ለማጻፍ ሥራ ቦታዬ አንዲት ልጅ አለች፣ ነገ እጠይቃታለሁ። አስተርጓሚውንም ኤጀንሲውን እጠይቃለሁ፣ በአንቀጽ 4ቱ ጀምሬ። የአማርኛውን ነገር ባለቤቴ ከየአራት እናት ጋ ነው፣ እኔ ገና አልወሰንኩም። ስለ ኤርፖርቱ ያላችሁትን እንዳለ ለባለቤቴ እህት ላክሁላቸው። የመለሱልኝ አውራ ጣት ብቻ ነው። ተቀይመዋል መሰለኝ፣ ቢሆንም ይሁን።